ሾፐንሃወር፣ ውሻውና የኛ ቤት ቡቺ

እኛ ቤት ቡቺ የሚባል ውሻ አለ። እናንተም ቤት፣ ካልሆነም ጎረቤታችሁ ቤት፣ ቡቺ የሚባል ውሻ ሳይኖር አይቀርም። አዲስ አበባ ውስጥ ቡቺ ብላችሁ ብትጣሩ ከየአጥሩ ጆሮውን የሚያቆመው ብዙ ነው። ባለፈው ሰሞን ስለ አንድ ጀርመናዊ ፈላስፋ ሳነብ፣ ሰውዬው ውሻውን በቁልምጫ ቡትስ እያለ ይጠራው እንደነበር አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ቡትስና ቡቺ! ሰው ውሻውን ሲያቆላምጥ የትም አገር ይሁን አፉ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል መሰለኝ።

ሰውዬው አርተር ሾፐንሃወር ነው። በስልካችሁ ሳታዩት አትቀሩም። ነጭ ጠጉሩ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ የቆመ፣ ገና ሳታናግሩት የተቆጣ የሚመስል ሽማግሌ። ስለ ብቸኝነትና ስለ ስቃይ የሚያወሩ ጥቅሶች ከፎቶው ጋር ተለጥፈው ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ይዞራሉ። እኔ ዛሬ ጥቅሱን ትቼ ኑሮውን ልንገራችሁ። በተለይ ከውሻው ጋር የኖረውን። ይህ ሰው ለዓለም ያስተማረው ትልቁ ነገር ርኅራኄ ነው፤ ያንን ርኅራኄ በየቀኑ ሲያደርገው የምናየው ግን ከውሻው ጋር ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ላስቀድም፦ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን ለኛ እንዲመች ወደ አገራችን አዙሬዋለሁ።

ከጠዋት እስከ ማታ

ሾፐንሃወር ከ1833 ጀምሮ በ1860 እስኪሞት ድረስ፣ 27 ዓመት ሙሉ የኖረው ፍራንክፈርት ነው። ሚስት የለም፣ ልጅ የለም፣ አለቃ የለም፣ መሥሪያ ቤት የለም። ያሉት መጻሕፍት፣ አንድ ፍሉት፣ አንዲት የቤት ሠራተኛና አንድ ውሻ ናቸው። ውሻው ፑድል ነው፤ ያ ጠጉሩ የተጠቀለለው፣ ፊልም ላይ ሀብታም ሴቶች ይዘውት የምናየው ዓይነት። የሱ ግን ትልቁ ፑድል ነበር።

ጠዋት 1 እና 2 ሰዓት መሃል ይነሳል። ብርድ ይሁን ሙቀት በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ለዓይኑ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ነበረው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ለነርቭ ይጠቅማል ብሎ ያምናል። ቡናውን ራሱ ያፈላል። ሠራተኛዋ ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ሥር እንዳትታይ የተነገራት ናት። ለሱ ጠዋት የጭንቅላት ሰዓት ነው፤ ያኔ ከሰው ጋር አንድ ቃል መነጋገር ሐሳቡን ይበትንበታል። እኛ ገና ዓይናችን ሳይገለጥ ስልክ የምናነሳ ሰዎች ይህችን ልብ እንበላት።

እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ይጽፋል። ከዚያ እንግዳ ካለው ይቀበላል። ወደ 6 ሰዓት ሲጠጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሉት ይነፋል። የሚወደው የጣሊያናዊውን የሮሲኒን ሙዚቃ ነው፤ ሮሲኒ ማለት ደግሞ ተጫዋችና ደስ ደስ የሚል ሙዚቃ ነው። ሕይወት ስቃይ ናት ብሎ የጻፈ ሰው በየቀኑ ከምሳ በፊት ይህንን ይነፋል። ኒቼ በኋላ ዘመን ይህችን አንስቶ ተሳልቆበታል፤ በየቀኑ ፍሉት የሚነፋ ሰው እውነት ጨለምተኛ ሊባል ይችላል ወይ ብሎ።

7 ሰዓት ላይ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ነጭ ከረባቱን አስሮ፣ ኤንግሊሸር ሆፍ ወደሚባል ሆቴል ይሄዳል። አበላሉ ለሁለት ሰው ነው ይሉታል። እዚያ ሆቴል ስለሱ የሚወራ አንድ ጨዋታ አለ። ሲቀመጥ አንድ የወርቅ ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ያኖራል፣ በልቶ ሲጨርስ መልሶ ኪሱ ይከታል። በመጨረሻ ምክንያቱን ሲጠይቁት፣ አጠገቡ የሚበሉት የእንግሊዝ መኮንኖች ከፈረስ፣ ከሴትና ከውሻ ሌላ ነገር ያወሩ ቀን ሳንቲሙን ለድሆች ሊሰጥ ከራሱ ጋር መወራረዱን ተናገረ ይባላል። ሳንቲሙ ሁሌም ወደ ኪስ ይመለሳል። ውሻ ወዳዱ ሰውዬ የሰዎችን የውሻ ወሬ አልወደደላቸውም ማለት ነው።

ከምሳ በኋላ ትንሽ ይተኛል፣ ቀለል ያለ ነገር ያነባል። 10 ሰዓት ሲሆን የቀኑ ዋና ሰዓት ይደርሳል፤ ከውሻው ጋር ይወጣሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ዝናብ ቢዘንብ፣ በረዶ ቢጥል፣ ወላ ሐንቲ። የሚራመደው በፍጥነት ነው፣ ዱላውን መሬት እየመታ፣ አንዳንዴ ለራሱ የሆነ ነገር እያጉተመተመ። የከተማው ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ስለለመዳቸው አንዱን ያለ አንዱ ማሰብ ይከብደው ነበር። የሰፈሩ ልጆችማ ለውሻው ስም አውጥተውለታል፦ ትንሹ ሾፐንሃወር።

ሲመለስ ወደ ንባብ ቤት ጎራ ብሎ የለንደኑን ዘ ታይምስ ጋዜጣ ያነባል። ማታ ቴአትር ወይም ኮንሰርት ካለ ይሄዳል። ከዚያ ቀዝቃዛ እራት፣ ትንሽ ቀለል ያለ ወይን፣ ረጅም ፒፓ። ከመተኛቱ በፊት ደግሞ የሕንዶችን ጥንታዊ መጽሐፍ፣ ኡፓኒሻድን፣ ከላቲን ትርጉሙ ያነባል። በማግስቱም እንደዚያው። ከማግስቱም ማግስት።

እኔ ኢኮኖሚክስ ጨርሼ ሥራ ሳላገኝ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቤት ተቀምጫለሁ። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ማንም የማይጠብቀው ሰው ቀኑን ቅርጽ ማስያዝ እንዴት እንደሚከብደው ነው። ለምን ትነሳለህ? ለምን ትወጣለህ? ዛሬ ባትወጣ ማን ያውቃል? ሾፐንሃወር ግን አንድ የሚያውቅበት ነበረው። 10 ሰዓት ሲሆን በር በሩን የሚያይ።

ገንዘቡ ከየት መጣ?

እንዲህ ያለ ኑሮ ነፃ አይደለም። ስለዚህ ወደ ኋላ እንመለስ።

ሾፐንሃወር የተወለደው የካቲት 22 ቀን 1788 ዳንዚግ በምትባል የወደብ ከተማ ነው፤ ዛሬ ግዳንስክ ትባላለች፣ ያለችውም ፖላንድ ውስጥ ነው። አባቱ ሃይንሪሽ ፍሎሪስ ትልቅ ነጋዴ ነበር። አርተር የሚለውን ስም የመረጠለት በጀርመንኛም፣ በእንግሊዝኛም፣ በፈረንሳይኛም ስለማይለወጥ ነው። ገና ሳይድህ የንግድ ስም ወጣለት በሉት። ፕሩሲያ ዳንዚግን ስትይዝ፣ በ1793፣ ቤተሰቡ ወደ ሃምቡርግ ተሰደደ።

ልጁ ግን ልቡ ትምህርት ላይ ነው። አባት ብልጥ ምርጫ አቀረበለት። ወይ እዚሁ ቀርተህ ላቲን ተማር፣ ወይ ከእኛ ጋር አውሮፓን ዙርና ስትመለስ ነጋዴ ትሆናለህ። ልጅ ነዋ፤ 15 ዓመቱ ነው፤ ጉዞውን መረጠ። በ1803 እና በ1804 ሆላንድን፣ እንግሊዝን፣ ፈረንሳይን፣ ስዊዘርላንድን፣ ኦስትሪያን አዩ። ልጁ ያልረሳው ግን ቤተ መንግሥቶቹን አይደለም። ቱሎን በምትባለው የፈረንሳይ ወደብ በሺዎች የሚቆጠሩ እስረኞች በሰንሰለት ታስረው አየ፤ እድሜ ልካቸውን እንዲያው የሚኖሩ። ይህ ምስል ከአእምሮው አልወጣም። ሰንሰለት የሚለውን ቃል ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1805 አባቱ ውሃ ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው ቦይ። ራሱን ነው የጣለው የሚለው ጥርጣሬ ቤተሰቡን አልለቀቀም። እናቱ ዮሃና ንግዱን ሸጣ ወደ ቫይማር ሄደች፣ ጎተን የመሰሉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቤት ከፈተች፣ በኋላም ታዋቂ ደራሲ ሆነች። አርተር ግን ለሞተ አባቱ የገባውን ቃል ላለማፍረስ ሁለት ዓመት ያህል የማይወደውን የንግድ ሥራ ሲማር ቆየ። እናቱ ራሷ ፈቅዳለት ነው የተላቀቀው።

21 ዓመት ሲሞላው የውርስ ድርሻውን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ለደመወዝ ሠርቶ አያውቅም። የኖረው በወለድ ነው። ገንዘቡን ደግሞ እንደ ዋዛ አልያዘውም። በ1819 ከሀብቱ ሲሶ ያህሉን ያስቀመጠበት የዳንዚግ ባለ ባንክ ኪሳራ ላይ ወደቀ። እናቱና እህቱ አዴል ያላቸው ከሞላ ጎደል ሁሉ እዚያው ነበር። ባለ ባንኩ ለአበዳሪዎቹ ከመቶ 30 ያህሉን ተቀብላችሁ ተገላገሉኝ አለ። እናትና እህት ተስማሙ። እሱ እምቢ አለ። ሌሎቹ ሁሉ እስኪስማሙና ሰውዬው እግሩ እስኪቆም ዝም ብሎ ጠበቀና ሙሉ ገንዘቡን ከነወለዱ አስከፈለ።

ይህንን ሳነብ ሁለት ነገር ተሰማኝ። ኢኮኖሚክስ ክፍል ቢሆን ጎበዝ ብዬ አጨበጭብለታለሁ፤ ሌሎች ሲቀንሱ እሱ ያልቀነሰው ለዚህ ነው የተሳካለት። እንደ ልጅና እንደ ወንድም ሳየው ግን ይቀፈኛል። እናቱና እህቱ ተጎድተው ቀሩ፣ እሱ ሙሉውን ወሰደ። ያ የሁለት ሰዓት የእግር ጉዞ፣ ያ ፍሉት፣ ያ ምሳ የተገዛው ከዚህ ገንዘብ ነው።

ሰው የራቀው ሰው

ከእናቱ ጋር ቀድሞውንም አልተስማሙም። በ1814 የመጨረሻ ጠባቸውን ተጣሉ፣ ከዚያ በ1838 እስክትሞት ድረስ 24 ዓመት አልተያዩም።

በ1818 መጨረሻ ዋና መጽሐፉን አሳተመ፤ ዓለም እንደ ፈቃድና እንደ ምስል እንበለው። ገና 30 ዓመቱ ነበር። ዓለም ይነቃነቃል ብሎ ጠበቀ፣ ማንም አልገዛውም። በ1820 በርሊን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር ሆን ብሎ ክፍለ ጊዜውን ከሄግል ጋር በአንድ ሰዓት አደረገው። ሄግል በዘመኑ የጀርመን ፍልስፍና ንጉሥ ነው። ተማሪው ሁሉ ወደ ሄግል ጎረፈ፣ የሱ ክፍል ባዶ ቀረ።

እዚያው በርሊን በ1821 ከባሰው ተገኘ። አንዲት ማርኬ የምትባል ልብስ ሰፊ ከክፍሉ በር ፊት ለፊት ቆማ ስታወራ ሂጂ አላት፣ አልሄድም አለች፣ ገፍትሮ አስወጣት። ወደቀች፣ ተጎዳሁ ብላ ከሰሰች። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ በዓመት 60 ታለር እድሜዋን ሙሉ እንዲከፍላት ወሰነበት። ታለር የኛ የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር የስም ዘመድ ነው። እስክትሞት ድረስ ከፈላት። ርኅራኄ የሥነ ምግባር ሁሉ መሠረት ነው ብሎ የሚያስተምረው ሰውዬ ይኸው ነው እንግዲህ።

በ1831 በርሊን ኮሌራ ሲገባ ሸሸ። ሄግል እዚያው ቀረና በዚያው ዓመት ሞተ። ሾፐንሃወር ደግሞ የትኛው ከተማ ልኑር ብሎ ማንሃይምንና ፍራንክፈርትን በወረቀት ላይ አነጻጸረ። ፍራንክፈርት ያሸነፈችው በጥሩ አየሯ፣ በቡና ቤቶቿ፣ በጎበዝ የጥርስ ሐኪሟና በመሳሰሉት ነው። በሕይወቱ ሰው ስላልነበረ መመዘኛው ውስጥም ሰው የለም። ጓደኛ አላት፣ ዘመድ አላት የሚል ነገር ሚዛኑን ሲደፋ አታዩም።

አትማ

ውሻ ግን ነበር። ተማሪ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ያለ ፑድል የኖረበት ዘመን ጥቂት ነው። ስማቸው ደግሞ አንድ ነው፦ አትማ። አንዱ ሲሞት የሚተካውም አትማ ይባላል። ቡትስ የቤት ስም ነው።

አትማ የሳንስክሪት ቃል ነው። ያ ማታ ማታ የሚያነበው የሕንዶች መጽሐፍ ነፍስን፣ በሁሉም ፍጥረት ውስጥ ያለችውን አንዲት ነፍስ፣ በዚህ ቃል ይጠራታል። እንደው ለጨዋታ የወጣ ስም አይደለም፤ ፍልስፍናው በሙሉ እዚህች ስም ውስጥ አለች። በአጭሩ ላስረዳ፦ እኔና እናንተ፣ ውሻውና ዛፉ፣ ላይ ላዩን ስንታይ የተለያየን ነን። ከሥር ግን አንድ ነገር ነው በሁላችን ውስጥ የሚገፋው፤ መኖርን የሚፈልግ፣ የማይጠግብ፣ ለምን እንደሚፈልግም የማያውቅ። እሱ ፈቃድ ይለዋል። ስቃያችን የሚመጣው ከዚህ አለመጥገብ ነው። ርኅራኄ ማለት ደግሞ በኔና በሌላው መሃል ያለው ግድግዳ ለአፍታ ሲሳሳ ነው፤ የሱ ሕመም የኔ ሕመም ሆኖ ሲሰማኝ። ግድግዳው የሳሳ ሰው ታዲያ ሁለት እግር ያለውንና አራት እግር ያለውን አይለይም።

በ1844 ባሳተመው የመጽሐፉ ሁለተኛ ቅጽ ላይ አንድ ምሳሌ አለ። ግቢ ውስጥ የምትጫወተውን ድመት አይቶ፣ ከ300 ዓመት በፊት እዚያው ትጫወት ከነበረችው ድመት ፈጽሞ ሌላ ናት ማለት የባሰ እብደት ነው ይላል። አንዷ ድመት ትሞታለች፣ ድመትነት አይሞትም። ለዚህ ነው እንግዲህ ውሾቹ ሁሉ አትማ የሆኑት። አትማ አይሞትም።

ንድፈ ሐሳቡ ይህ ነው። በ1849 መጨረሻ ግን ነጩ አትማ ሞተ። እህቱ አዴል የሞተችውም በዚያው ዓመት ነው። ሰውዬው ስለ ውሻው ሞት ለወዳጁ ሲጽፍ ውብና ትልቅ ውሻዬን አጣሁ ብሎ ነው ያዘነው፤ ያ አንዱ፣ ያ ነጩ። ድመትነት ውሻነት የሚለው አላጽናናውም። ቆይቶ ቡናማ ፑድል አመጣና እሱንም አትማ አለው።

ለኔ ከመጻሕፍቱ ሁሉ ይህች ትበልጥብኛለች። ማንም አይሞትም ብሎ በሎጂክ ያረጋገጠ ሰው ለውሻው አለቀሰ።

ቤት ውስጥ አትማ እንደ ሰው ነበር፤ የድብ ቆዳ ምንጣፍ ነበረው። ግድግዳው ላይ የውሾች ሥዕል በብዛት ተሰቅሏል፤ ከነሱ ጋር የካንት ሐውልት፣ የጎተ ምስልና በወርቅ የተለበጠ ቡድሃ አሉ። አትማ ሲያጠፋና ሲያስቸግር ሰውዬው ሲቆጣው አንተ ሰው እያለ ይሰድበው ነበር ይባላል። እስቲ አስቡት፣ እኛ አገር ሰው ሲያበላሽ ውሻ ይባላል፤ እዚያ ቤት ውሻ ሲያበላሽ ሰው ይባላል።

ሰንሰለቱ

በ1840 የዴንማርክ የሳይንስ ማኅበር ስለ ሥነ ምግባር መሠረት ላወጣው የጽሑፍ ውድድር ሾፐንሃወር ብቻውን ተወዳደረ፤ ብቻውን ሆኖም ሽልማቱን ከለከሉት። ጽሑፉን በ1841 ራሱ መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። እዚያ ውስጥ እንስሳ ዕቃ ነው የሚለውን አስተሳሰብ አጥብቆ ይሞግታል። ለእንስሳ የሚራራ ለሰው አይጨክንም፣ በእንስሳ ላይ የሚጨክን ደግሞ ጥሩ ሰው ሊሆን አይችልም ባይ ነው። በዘመኑ ይህን የመሰለ ነገር የሚናገር ፈላስፋ ጥቂት ነው።

እንደ እሳት የሚያንገበግበው ነገር ግን የታሰረ ውሻ ነው። ሰው ካሉት ሁሉ ታማኝ ወዳጁን ይዞ በሰንሰለት ያስረዋል፣ ይህ ደግሞ በየቤቱ በር ላይ የሚታይ የሰው ጭካኔ ነው ብሎ ያምናል። በ1851 ባወጣው መጽሐፍ ላይ ዘ ታይምስ ላይ ያነበበውን አንድ ወሬ ያነሳል። አንድ የእንግሊዝ መኳንንት ትልቅ ውሻ አስሮ ያኖራል። አንድ ቀን በግቢው ሲያልፍ ሊደባብሰው ጠጋ ይላል፣ ውሻው ክንዱን ከላይ እስከ ታች ተረተረው። ሾፐንሃወር ደግ አደረገ ነው የሚለው። አንተ ጌታዬ አይደለህም፣ አጭሯን እድሜዬን ሲኦል ያደረግክብኝ ሰይጣን ነህ ማለቱ ነው ብሎ የውሻውን ሐሳብ ተረጎመለት።

እዚህ ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ በመስኮት ወደ ቡቺ አየሁ። ታስሯል። እኛ ግቢ ውስጥ ከመጣ ጀምሮ ቀን ቀን ታስሮ ማታ ነው የሚፈታው። አስረን የምንጥልለት ደግሞ የተረፈንን ነው። ማናችንም ክፉ አይደለንም። ውሻ እንዲህ ነው የሚያዘው ብለን ነው።

የማይዋጠው

ሰውዬውን ቅዱስ አድርጌ እንዳልሸኛችሁ ደግሞ አንድ ቀን ልጨምር። መስከረም 1848 ፍራንክፈርት ውስጥ ሕዝብ አመፀ፣ መንገድ ላይ ምሽግ ተሠራ። ወታደሮች ከሾፐንሃወር ቤት መስኮት ሆነው ሰልፈኞቹ ላይ ተኮሱ። እሱ በሩን ከፈተላቸው፣ ለመኮንኑም በደንብ እንዲያይበት ቴአትር የሚያይበትን መነጽር ሰጠ። ሀብቱን ይዘርፉብኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። ወለዱ ከሄደ ጠዋቱም፣ ፍሉቱም፣ የ10 ሰዓቱ ጉዞም ይሄዳሉ።

ስለ ሴቶች የጻፈውም አለ፤ ዛሬ ስታነቡት የሚያሳፍር ነው። እናቱ፣ እህቱ፣ ማርኬ፣ ምሽጉ ላይ የነበሩት ሰዎች… ግድግዳው ለነሱ አልሳሳም። ለምን ለውሻ ሳሳ? እኔ እንደሚመስለኝ ውሻ አይከራከርም፣ ውርስ አይጋራም፣ ሂስ አይጽፍም። ውሻን መውደድ ከሰው ይቀላል። ግን ደግሞ የቀለለውንም ስንቶቻችን አደረግነው?

የመጨረሻው ጠዋት

ዝና የመጣለት በስተርጅና ነው። የ1851ዱ መጽሐፍ ተነበበለት፣ በ1853 አንድ የእንግሊዝ መጽሔት ስለሱ ረጅም ጽሑፍ አወጣ፣ ከዚያ ጀርመኖችም ነቁ። ሰዎች ኤንግሊሸር ሆፍ እየመጡ ሲበላ ያዩት ጀመር። በ1859 ኤሊዛቤት ናይ የምትባል ወጣት ቀራጺ ሐውልቱን ልትሠራ መጣች፤ ስለ ሴቶች ያን ሁሉ የጻፈው ሽማግሌ ከሷ ጋር ቡና ሲጠጣ ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

በዚያው በ1859 ከ16 ዓመት በኋላ ቤት ቀየረ፤ ከወንዙ ዳር ቤት ቁጥር 17 ወደ ቁጥር 16። የተነሳበት ምክንያት ከአከራዩ ጋር በውሻው የተነሳ ጠብ ነው። 71 ዓመቱ ነው፣ በመላው አውሮፓ ስሙ እየተጠራ ነው፣ እሱ በአትማ ምክንያት መጽሐፉን ጭኖ ጎረቤት ይገባል። ተከራይ የሆነ ሁሉ ይገባዋል።

መስከረም 21 ቀን 1860 ጠዋት ተነሳ። በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበ፣ ቁርሱን በላ። ሠራተኛዋ መስኮት ከፍታ አየር አስገብታ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ ሐኪሙ ሲገባ ሶፋው ጥግ ላይ እንደተደገፈ ሞቶ አገኘው። 72 ዓመቱ ነበር። መቃብሩ ላይ እንዲጻፍ የፈቀደው ስሙን ብቻ ነው፤ ዓመት የለም፣ ሌላ ቃል የለም።

የኑዛዜው ዋና ተጠቃሚ በ1848ና በ1849 አመፅ ጊዜ አካላቸው የጎደለ የፕሩሲያ ወታደሮችና የሞቱት ቤተሰቦች ናቸው። እስከ መጨረሻው የመረጠው ወገን ያው ነው። ለሠራተኛዋ የእድሜ ልክ ጡረታ ተወላት። አትማንም አልረሳውም፤ ለእንክብካቤው ገንዘብ መደበለት።

ወደ ቡቺ ልመለስ። ከአባዬ ጋር ተከራከርን። የአባዬ ክርክር ቀን የተፈታ ውሻ ማታ ይተኛል፣ ሌባ ሲገባም አይጮህም ነው። አባዬ ሾፐንሃወርን አያውቀውም፣ እኔም ስሙን አላነሳሁበትም። ክትባቱን አስወግቼ፣ ማሰሪያ ገዝቼ በየቀኑ አመሻሽ ላይ ላወጣው ተስማማን። እሱም ማታ ካልጮኸ ነገሩ እንዲቆም ነው። እስካሁን ይጮሃል።

አንድ ወር ሊሆነን ነው። 11 ሰዓት ሲሆን እንወጣለን። መጀመሪያ ቀን መኪና ባየ ቁጥር እግሬ ሥር ይገባ ነበር፤ ከግቢ ወጥቶ አያውቅማ። አሁን እሱ ነው የሚጎትተኝ። ቀን ቀን ግን አሁንም ይታሰራል፤ ክርክሩ ገና አላለቀም። እኔም ብሆን ሥራ ባይኖርም፣ ኔትወርክ ባይኖርም፣ 11 ሰዓት ላይ የምሄድበት አለኝ።

የፍራንክፈርት ልጆች ውሻውን በሰውዬው ስም ጠሩት። የኛ ሰፈር ልጆች ደግሞ እኔን በውሻው ስም ይጠሩኛል። ቡቺ መጣ ይላሉ። ለምጄዋለሁ።